በመናፈሻ ውስጥ ቅድሚያ ለእግር መንገዱ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

ስለ ታላላቅ የከተማ መናፈሻዎች የሚወጡ ዘገባዎችን በፍላጎት እከታተላለሁ። አብዛኞቹ አንድ መናፈሻ ስንት ፏፏቴ፣ ስንት የሕፃናት መጫወቻና ምን ዓይነት ሰው ሠራሽ ሐይቅ እንዳለው በዝርዝር ይገልጻሉ፤ ጎብኚው ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄድበትን መንገድ፣ የሚያርፍበትን ጥላና ይህን ሁሉ በየዕለቱ የሚንከባከበውን አትክልተኛ ግን እምብዛም አያነሱም። እኔ በበኩሌ አንድን ሰፊ መናፈሻ መናፈሻ የሚያሰኘው ከሁሉ በፊት የእግር መንገዱ ነው ብዬ ስለማምን፣ ሐሳቤን ለአንባቢዎቻችሁ እንድታቀርቡልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

በኒውዮርክ የሚገኘውና ዛሬ 341 ሄክታር ገደማ የሚሸፍነው ሴንትራል ፓርክ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ፍሬድሪክ ሎው ኦልምስቴድና ካልቨርት ቮክስ እ.ኤ.አ. በ1858 የንድፍ ውድድሩን ሲያሸንፉ፣ መናፈሻውን አቋርጠው የሚያልፉትን አራት የከተማ መንገዶች ከመሬቱ ወለል ዝቅ አድርገው ስላሳለፏቸው፣ የሠረገላው ግርግር ከሚንሸራሸረው ሰው ዓይን ተሰወረ። በመናፈሻው ውስጥም የእግረኛው፣ የፈረሰኛውና የሠረገላው መንገድ ተለያይቶ፣ በሚገናኙባቸው ብዙ ቦታዎች አንዱ በሌላው ላይ በድልድይ እንዲያልፍ ተደረገ። ይህ ሁሉ የታሰበው መኪና ገና ባልተፈለሰፈበት ዘመን መሆኑ ያስደንቀኛል። ልጁን እጁን ይዞ የሚሄድ ሰው ግራ ቀኙን ሳይሠጋ ዛፉንና ውሃውን እያየ እንዲራመድ ከተፈለገ፣ መንገዱ በንድፉ መጀመሪያ ላይ እንጂ ሌላው ሁሉ ከተገነባ በኋላ በተረፈው ቦታ ላይ ሊታሰብ አይገባም።

መንገዱ በሚገባ ካልታሰበበት ጎብኚው የራሱን መንገድ ያወጣል። የአበባ መደቡን ለማሳየት ሲባል ንጣፉ ረጅም ዙሪያ በሚዞርበት ጥግ፣ በመጀመሪያ ሣሩ ይሳሳል፤ ቀጥሎ አንድ ሰው የሚያሳልፍ ቀጭን የአፈር መስመር ይወጣል፤ ዝናብ ሲጥልም እያንዳንዱ ሰው ጭቃውን ላለመርገጥ ወደ ጎን ፈንጠር ስለሚል መስመሩ እየሰፋ ይሄዳል። በዛፍ ሥር ካለፈ ደግሞ አፈሩ ታጥቦ ሥሮቹ ይገለጣሉ፤ ልጣቸውም በጫማ ብዛት ተፍቆ ያብለጨልጫል። የአብዛኞቹ ዛፎች ሥር እንደሚገመተው ወደ ጥልቁ የሚወርድ ሳይሆን፣ በአብዛኛው ከላይኛው አንድ ሜትር አፈር ውስጥ ሆኖ ከቅርንጫፎቹ ጥላ አልፎ ወደ ጎን የሚዘረጋ ነው። አፈሩ ሲጠቀጠቅ አየርና ውሃ የሚያልፉባቸው ጥቃቅን ክፍተቶች ይዘጋሉ። ዛፉ ወዲያው አይሞትም፤ ከዓመታት በኋላ ከጫፉ መድረቅ ሲጀምር ግን ምክንያቱን ከእግር ኮቴ ጋር የሚያያይዘው ሰው ጥቂት ነው። አዲስ የመዝናኛ ግንባታ ሲካሄድ፣ ለኤሌክትሪክና ለውሃ መስመር የሚቆፈረው ቦይና ከባድ ተሽከርካሪው የሚያደርሱት ጉዳት ከዚህ እጅግ የባሰ ነው፤ ለጥላው ሲባል በዛፍ አጠገብ የተሠራ ካፌ ያንኑ ጥላ ሊያሳጣን ይችላል።

በእንዲህ ዓይነቱ ቦታ «ሣሩን መርገጥ ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ መትከል ብቻውን መፍትሔ ነው ብዬ አላምንም። ሰዎች ደጋግመው የሚያቋርጡበትን መስመር አይቶ እዚያው ላይ ማንጠፍ፣ ወይም ሥሩን በማይጎዳ የተፈጨ የዛፍ ቅርፊት መሸፈን የተሻለ ነው። ዛፉ ከሚችለው በላይ ከሆነ ደግሞ መንገዱ ይዙር፤ ዙሪያው ግን አጭርና ጥላ ያለው ይሁን።

መንገዱ ለማን እንደተሠራም መጠየቅ ይገባል። ለተሽከርካሪ ወንበር በሚሠራ መወጣጫ ላይ በስፋት የሚሠራበት ልክ፣ ለአንድ ሜትር ከፍታ ቢያንስ 12 ሜትር ርዝመት መስጠት ነው። በመንገዱ መካከል ያሉ ሦስት ደረጃዎች ለጤነኛ ወጣት ምንም አይደሉም፤ በተሽከርካሪ ወንበር ለመጣ ሰው ግን የመናፈሻው መጨረሻ ናቸው። አረጋውያንም የሚቀጥለው አግዳሚ ወንበር የት እንዳለ ካላወቁ ከበሩ ብዙም ርቀው አይሄዱም።

በዛፎች መካከል መራመድ ለጤና ይጠቅማል ስንል ከተራ ግምት የተሻለ መነሻ አለን። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመና በእንግሊዝ አገር 20 ሺህ ገደማ ሰዎችን ያካተተ ጥናት፣ በሳምንት ቢያንስ 120 ደቂቃ በተፈጥሮ አካባቢ ያሳለፉ ሰዎች ስለ ጤናቸውና ስለ ደኅንነታቸው የተሻለ ስሜት እንዳላቸው መግለጻቸውን አሳይቷል። ጥናቱ ምክንያትና ውጤትን አያረጋግጥም፤ ጤነኞቹ ይበልጥ ወደ መናፈሻ ስለሚሄዱም ሊሆን ይችላል። ሆኖም 120 ደቂቃ የሚሞላው በየሳምንቱ ተመላልሰው ሊራመዱበት በሚመች ቦታ እንጂ፣ አንድ ጊዜ አይተውት በሚበቃ ትርኢት አይመስለኝም።

የመጨረሻው ጉዳይ ጥገና ነው። ሴንትራል ፓርክ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እንክብካቤ አጥቶ ሣሩ ወደ አቧራነት ተለውጦ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1980 የተቋቋመው የመናፈሻው ጥበቃ ድርጅት መልሶ አቀናው፤ በኋላም ቦታውን በክፍል በክፍል ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ክፍል ተጠያቂ የሆነ አትክልተኛ መደበ። ስለዚህ ጋዜጣችሁ ስለ አንድ መናፈሻ ሲዘግብ፣ የምርቃቱን ሥነ ሥርዓት ከማሳየት ባሻገር ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ዓመት የጥገና በጀት መያዙን፣ ስንት አትክልተኛ በቋሚነት እንደተቀጠረና መንገዱ ያለ ደረጃ ከዳር እስከ ዳር የሚያደርስ መሆኑን ኃላፊዎቹን እንድትጠይቁ፣ መልሳቸውንም እንድታትሙልን እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የጋዜጣችሁ አንባቢ