የወንዙ ውኃ ናሙና ለምን በነሐሴ ይቀዳል?

ክቡር አዘጋጅ፣

ሰሞኑን በገጻችሁ ላይ «ጥናት ጥናት እየተባለ ልማት ይጓተታል» የሚል አስተያየት አንብቤ ዝም ማለት አልሆነልኝም። ጸሐፊው ፋብሪካ ይምጣልን ማለታቸው ትክክል ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ ተመርቆ ቤት የተቀመጠ ልጅ ያለው ወላጅ ሁሉ እንዲህ ይላል፤ እኔም እላለሁ። የማልስማማው የሕዝብ ጤና ግምገማን፣ ማለትም በአካባቢው ያለ መርዝ ሰው ላይ ይደርስ እንደሆነ የማጣራቱን ሥራ፣ የቢሮክራሲ ማኅተም አድርገው በማየታቸው ነው። በሰሜን ሸዋ ወረዳዎች በአካባቢ ጤና ሙያ አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ስለሆንሁ፣ ጉዳዩን ከወረቀቱ ይልቅ በናሙና ጠርሙሱ በኩል አውቀዋለሁ።

ግምገማ ማለት ውኃ ቀድቶ ላቦራቶሪ መላክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለጸሐፊው እጅ እሰጥ ነበር። ወንዝ ውስጥ ክሮም የተባለው ብረት ተገኘ ማለት ብቻውን ሰው ታመመ ማለት አይደለም። መርዙ ከየት ተነሣ? በውኃ፣ በአፈር ወይስ በአየር ተጓዘ? ሰው የሚያገኘው የት ላይ ነው? በአፍ፣ በቆዳ ወይስ በትንፋሽ ይገባል? የሚያገኘውስ ማን ነው፣ ሕፃን ነው፣ እርጉዝ ናት፣ የቀን ሠራተኛ ነው? ከእነዚህ አንዱ ከተቋረጠ አደጋው ይቋረጣል፤ ሁሉም ከተያያዙ ግን የላቦራቶሪው ቁጥር ትንሽ ቢሆንም ነገሩ ሊያሳስብ ይችላል። ግምገማው የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። ሳያስፈልግ የተደናገጠውን ያረጋጋል፣ ሳያውቅ የተረጋጋውን ይቀሰቅሳል።

የበሬሳን ወንዝ እንውሰድ። ወንዙ በከተማችን በኩል አልፎ ወደ ጀማ፣ ከዚያም ወደ ዓባይ ይሄዳል። በመንገዱ ላይ ከብት ይጠጣዋል፣ ልብስ ይታጠብበታል፣ በበጋ ድንችና ጎመን ይለማበታል። ወንዙ ተመርዟል ብዬ ሰው ላስደነግጥ አልተነሣሁም፤ ማንንም ፋብሪካ ስም ጠርቼ አልከስስም። የምለው፣ ጨርቃ ጨርቅ፣ ቆዳና ቢራ የሚያመርት ከተማ የእያንዳንዱን ፍሳሽ ጠባይ ለይቶ መጠየቅ አለበት ነው። የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ክሮምና ሰልፋይድ ይይዛል፤ የጨርቃ ጨርቅ ማቅለሚያና አልካሊ ያመጣል። የቢራ ፍሳሽ በራሱ መርዝ ባይሆንም በውኃው ውስጥ ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል፤ ዓሣና ሌላ ነፍሳት ያልቃሉ። ከዓይነ ምድር የሚመጣውን ጀርም፣ የኢ. ኮላይን፣ ምርመራ ብቻ አድርጎ «ውኃው ደህና ነው» ማለት እግሩ የተሰበረውን ሰው ሙቀቱን ለክቶ ወደ ቤት እንደመስደድ ነው።

የቀኑ ነገርማ ይብሳል። በነሐሴ ወንዙ ሞልቶ ሲወርድ የተቀዳ ናሙና የፋብሪካውን ፍሳሽ ብዙም አያሳይም፤ ዝናቡ አቅጥኖታል። ያው ወንዝ በየካቲትና በመጋቢት በድንጋይ መካከል ሲንፏቀቅ፣ የሚለቀቅበት ፍሳሽ ግን ያው ነው። ስለዚህ የክረምት ናሙና ብቻ የያዘ ሪፖርት ሲቀርብልኝ መጀመሪያ የማየው ውጤቱን ሳይሆን የተቀዳበትን ቀን ነው፤ ከዚያም ሰዓቱን። ፍሳሽ በሌሊት የሚለቀቅ ከሆነ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ በመኪና ደርሶ የሚቀዳ ባለሙያ ምን ያገኛል? አቀዳዱም ደንብ አለው። ለጀርም ምርመራ የተቀዳው በቅዝቃዜ ተይዞ ቢበዛ በ24 ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ መድረስ አለበት፤ ለብረታ ብረት የተቀዳው ደግሞ አሲድ ጠብ ተደርጎበት ይያዛል። ጠርሙሱን መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ ጥሎ ምሳ የሚበላ ቡድን አይቻለሁ። ውጤቱ በማኅተም ነው የወጣው።

ሰዓቱንና ቀኑን የሚያውቀው ሰው ግን ወንዙ ዳር አለ። በአንድ ወረዳ ሳለሁ ለስብሰባ የተጠሩት የቀበሌ አመራሮችና የጎጥ ሽማግሌዎች «ችግር የለብንም» ብለው ፈረሙ። ወደ መኪናችን ስንመለስ ጋቢ በእግራቸው እየረገጡ የሚያጥቡ ሴቶች አገኘን፤ አንዷን እትዬ ብዬ ሰላም አልሁና ጠየቅኋት። «ሐሙስና ዓርብ አናጥብም፣ ውኃው ይከፋል፤ ጋቢውም ይወይባል፣ እግራችንንም ያሳክከናል» አለችኝ። ከብት የሚጠብቅ ልጅ ደግሞ ላሞቹ የማይጠጡበትን ቦታ በጅራፉ ጫፍ አሳየን። ይህ በአንድም ቃለ ጉባኤ ላይ አልሰፈረም።

የጃፓኗ የባሕር ዳር ከተማ የሚናማታ ታሪክ ከዚህ አይርቅም። በባሕሩ ዳር መንደሮች ድመቶች መንቀጥቀጥና ማበድ ሲጀምሩ ነገሩን ቀድመው ያዩት ዓሣ አጥማጆቹ ናቸው። ሰዎችንም የያዘው በሽታ በይፋ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1956 ሲሆን፣ መንግሥት መንስኤው ከፋብሪካ የሚለቀቅ ሜርኩሪ መሆኑን በይፋ ያመነው በ1968 ነው። በመካከሉ 12 ዓመት አለ፤ ሰዉም በሜርኩሪ የተበከለውን ዓሣ እየበላ ነበር።

ሕዝቡ ሁልጊዜ መንስኤውን ያውቃል እያልሁ አይደለም። በሰሜን ምዕራብ ትግራይ ሆድ እያሳበጠ ሰው የገደለው የጉበት በሽታ ለዓመታት እንቆቅልሽ ሆኖ ቆይቷል፤ ባለሙያዎች ውኃውንም እህሉንም ካገላበጡ በኋላ ያገኙት ከእህል ጋር የሚቀላቀል አረም በውስጡ የያዘውን መርዝ ነው። እኛም ጋ ጓያን ያላየ የለም። ዝናብ ባጠረበት ዓመት ሌላው እህል ሲከዳ ጓያ ይበቅላል፤ ድሃው ቤት ለወራት እርሱን ብቻ ከበላ እግር ያሽመደምዳል፣ የተሽመደመደውም አይመለስም። ዘፍዝፎና ቀቅሎ ውኃውን መድፋት መርዙን ይቀንሳል፤ ባለሙያ የሆኑ እናቶች ይህን ያደርጉታል፣ ማገዶና ውኃ ያጠራት ግን ትተወዋለች። እዚህ ውስጥ የሚወቀስ ፋብሪካ የለም። ሆኖም ከመኸር በኋላ በየጎተራው ምን እንዳለ የጠየቀ የጤና ግምገማ ሰው ከመውደቁ በፊት ሊደርስለት ይችላል። ግምገማ የባለሀብት ጠላት ነው ለሚሉት ይህን አስቡልኝ እላለሁ።

ሕጉ ደግሞ ከጎናችን ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ሰጥቶናል፤ በአንቀጽ 92 ደግሞ በቀጥታ የሚነካን ፕሮጀክት ሲታቀድና ሲፈጸም ሐሳባችንን የመስጠት መብት አለን። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከዚህም ያልፋል፦ ማንኛውም ሰው የተለየ ጥቅሜ ተነክቷል ብሎ ማስረዳት ሳያስፈልገው ለሚመለከተው የአካባቢ መሥሪያ ቤት አቤት ማለት ይችላል፤ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም በውሳኔው ቅር ከተሰኘ በ60 ቀን ውስጥ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጡት ሕግ መሠረት መርዛማ ነገሮችን የሚከታተል የፌዴራል መሥሪያ ቤት አቋቁመዋል፤ እዚያ ነዋሪው ራሱ «ሰፈራችንን ገምግሙልን» ብሎ ማመልከት ይችላል። የእኛ አዋጅም ለአቤቱታ በር ከፍቶ ተቀምጧል፤ የሚያንኳኳው ሰው ነው የጠፋው። አብዛኛው ሰው በሩ መኖሩን አያውቅም፤ የሚያውቀውም ከቀበሌው ጋር መቀያየምን ይፈራል። ስለ ፍርሃቱ ብዙ መናገር አልፈልግም፣ የኖረበት ያውቀዋል።

ስለዚህ ጥያቄዬ ለዞኑና ለከተማው የአካባቢ ጥበቃና የጤና ኃላፊዎች ነው። የሚቀጥለው ናሙና በበጋ ይቀዳ፣ አንዱም በሌሊት ይሁን። የሚያጥቡት ሴቶች፣ እረኞቹና አትክልት የሚያለሙት ገበሬዎች ለየብቻቸው ይጠየቁ። ውጤቱም የሚለካውና የሚፈቀደው መጠን ጎን ለጎን ተጽፎ በአማርኛ በቀበሌው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፤ ማንበብ ለማይችለው ደግሞ በዕድርና ከቅዳሴ በኋላ ይነበብለት።

እናንተም የዝግጅት ክፍሉ ሰዎች አንድ ነገር ልትረዱን ትችላላችሁ። በከተማችን ወንዝ ላይ እስካሁን የተሠሩት የምርመራ ውጤቶች የት እንዳሉና የትኛው ወር ላይ እንደተቀዱ መሥሪያ ቤቶቹን ጠይቁና መልሳቸውን እንዳለ አውጡልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ጡረተኛ የአካባቢ ጤና ባለሙያ
ደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ