ደም ብዛት ማለት ደም በዛ ማለት ነው እንዴ? (የሳይንስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ)

ዘንድሮ መስከረም ላይ በ19 ልጆች ጀምረን ሰኔ ላይ 31 ደርሰናል። ችግኝም ተክለናል፣ የጥያቄና መልስ ውድድርም ነበር፣ ግን ዓመቱን የበላው አንድ ጥያቄ ነው። ጥቅምት ላይ አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ "ቲቸር፣ አያቴ ደም ብዛት አለባት፣ ደሟ ከበዛ ለምን ቀድተው አይቀንሱላትም?" አለችኝ። ማንም አልሳቀም፣ ምክንያቱም ሁሉም እንደዛ ነበር የሚያስበው፣ ደም ማነስ አለ፣ ደም ብዛት አለ፣ አንዱ የሌላው ተቃራኒ ነው ብለው። ስሙ ራሱ እኮ ነው የሚያሳስተን! የበዛው ግፊቱ ነው፣ በአብዛኛው ሰው ላይ ደግሞ ግፊቱን ከፍ የሚያደርገው አርቴሪዮል የሚባሉት ትንንሽ የደም ስሮች መጥበብ ነው።

ታዲያ የደም ስሩ ቢጠብ ምን ያህል ለውጥ ያመጣል? እዚህ ጋ ነው ልጆቹ ያላመኑኝ። ፈረንሳዊው ሐኪም ፑዋዜይ እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ በቀጫጭን የመስታወት ቱቦዎች ለክቶ እንዳሳየው፣ ግፊቱ እኩል ከሆነ ፍሰቱ የሚሄደው በሬዲየሱ (በስፋቱ ግማሽ) 4ኛ ፓወር ነው፣ ማለትም ሬዲየሱ አራት ጊዜ ተደርድሮ ሲባዛ ነው፣ ስለዚህ ስፋቱ በግማሽ ሲጠብ ፍሰቱ ግማሽ ሳይሆን አንድ አስራ ስድስተኛ ብቻ ይቀራል፣ 10 ፐርሰንት ብቻ ቢጠብ እንኳ ሲሶው ያህል ይጠፋል፣ ያንኑ ደም ለማሳለፍ ታዲያ ልብ የግድ ጠንክሮ መግፋት አለበት።

እንሞክረው ተባለ። ከመርካቶ ውስጣቸው 4 እና 2 ሚሊ ሜትር የሆኑ ላስቲክ ቱቦዎች ገዝተን እኩል 20 ሳንቲ ሜትር ቆረጥናቸው፣ ከሃይላንድ ጠርሙስ ስር አያያዝናቸው፣ ውሃው እንዳይጎድል እየሞላን በሞባይል ሰዓት ያዝን። ልዩነቱ 16 እጥፍ ቀርቶ 5 እጥፍ ገደማ ሆነ። "ቲቸር ፎርሙላው ውሸት ነው" አሉኝ። እኔም ግራ ገባኝ፣ ሁለት ሳምንት ስንከራከር ቆይተን ነው የገባን፣ ውሃ ቀጭን ስለሆነ ቱቦው ውስጥ በጣም ይፈጥንና ይተራመሳል፣ ሕጉ ግን የሚሠራው ረጋ ብሎ ለሚፈስ ነገር ነው። የትምህርት ቤቱ ካፌ ያገለገለ ዘይት ሰጠን፣ አጥልለን ሞከርን። 50 ሚሊ ሊትር ዘይት በወፍራሙ ቱቦ በ20 ሰከንድ አለቀ፣ በቀጭኑ 5 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ፈጀ። ስናካፍለው 15.5! ጩኸታቸው ዳይሬክተሩ ቢሮ ድረስ ተሰምቷል።

ግንቦት ላይ በወላጆች ቀን የልጅቷ አያት መጡ። ልጅቷ ቀጭኑን ቱቦ ከፍታ "እማማ፣ ደምሽ አልበዛም፣ መንገዱ ጠቦ ነው፣ መድኃኒትሽ መንገዱን ላላ ያደርግልሻል" አለቻቸው። አያቷ ዘይቱ ጠብ ጠብ ሲል አምስቱንም ደቂቃ ዝም ብለው አዩና "እኔ እኮ መድኃኒቱን ሻል ሲለኝ ነው የማቆመው" አሉ። እዛው ቆሜ እየሰማሁ ነበር፣ ከዓመቱ ሁሉ የማልረሳው ይሄንን ነው።

አንድ ጥያቄ ለመጪው ዓመት ተላልፏል። አንድ የ10ኛ ክፍል ልጅ "ካፒላሪ የሚባለው የደም ስር ከሁሉም ቀጭን ሆኖ ለምን ዋናው ማነቆ አርቴሪዮል ሆነ?" ብሎ ጠየቀ። ካፒላሪዎቹ ጎን ለጎን የተደረደሩ እጅግ ብዙ ስለሆኑ ደሙን ተከፋፍለው ስለሚያሳልፉት ነው ብዬ ነገርኩት፣ እሱ ግን በቃል ብቻ አልቀበልም አለ፣ ልክ ነው። ስለዚህ መስከረም ላይ 16 ቀጫጭን ቱቦ አንድ ላይ አስረን ከወፍራሙ ጋር እናወዳድራለን፣ ቱቦዎቹ ተገዝተው ላብራቶሪው ቁምሳጥን ውስጥ ተቀምጠዋል።