«የጣሊያን ቤት» ብቻ እያልን እስከ መቼ?

ለደሴ ከተማ አስተዳደር የባህልና ቱሪዝም ኃላፊዎች

ጤና ይስጥልኝ።

ባለፈው ሳምንት ከአዲስ አበባ የመጣ እንግዳዬን ፒያሳ ይዤው ወጣሁ። ጉሙ ገና አልገፈፈም ነበር። አንድ አሮጌ የድንጋይ ቤት አየና «ይሄ ምን ነበር?» አለኝ። «የጣሊያን ቤት ነው» አልኩት። «እሱማ ያስታውቃል፤ ምን ይሠሩበት ነበር?» ሲለኝ ዝም። ደሴ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ እኮ!

ጥያቄዬ አጭር ነው። እነዚህ ቤቶች አንድ በአንድ ይመዝገቡ። በየበራቸውም ታሪካቸውን የሚናገር ትንሽ ጽሑፍ ይለጠፍ።

ጣሊያንን እናወድስ ማለቴ አይደለም። በኅዳር 1928 ይህችን ከተማ በአውሮፕላን የደበደባት እሱ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ያኔ እዚሁ ነበሩ። ቀይ መስቀል የተሳለበት ሆስፒታል እንኳን አልተረፈም። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ገባ፣ በሚያዝያ 1933 ተባረረ። ጽሑፉ ይህን ሁሉ ይናገር። ቤቱ ያምራል ብለን ቦምቡን አንርሳ፤ ቦምቡ ያንገበግበናል ብለንም ቤቱን አናፍርስ።

ደግሞ ደሴ ከጣሊያን ጋር አልተወለደችም። ስሟን ያወጡላት አፄ ዮሐንስ 4ኛ ናቸው። ንጉሥ ሚካኤል መቀመጫቸው አደረጓት፤ አይጠየፍ አዳራሽንም ሠሩ። ስሙን ልብ በሉት፤ ግብር ሲበላ ድሃ ሀብታም ሳይባል ሁሉም የሚገባበት አዳራሽ ነው። እኔ ብሆን እንግዳ የማስጎበኘው ከአይጠየፍ ጀምሬ ነው፣ ፒያሳ በኋላ ይደረስበታል።

አሁን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ቤቶቹን የሚያውቁ አዛውንቶች እያለፉብን ነው። ተከራዩም የእንጨቱን መስኮት ነቅሎ አልሙኒየም ሲያስገባ ቅርስ እየነካ መሆኑን ማን ነገረው? አልፈርድበትም። ቅርስ ማጣት ምን እንደሆነ ግን እናውቃለን፤ በ2014 ሙዚየማችን ተዘርፎ ያንን ሐዘን አይተነዋል።

ለምዝገባው ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። የታሪክ መምህራንና ተማሪዎች ደብተር ይዘው ሽማግሌዎቹን ይጠይቁ። እኔም ቅዳሜ ቅዳሜ አብሬ ልዙር፣ ጥሩኝ።

እንግዳዬ ለጥምቀት ተመልሶ እመጣለሁ ብሏል። እስከዚያ የዚያችን የአንዷን ቤት ታሪክ እንኳን ንገሩኝ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የሰኞ ገበያ ነዋሪ