ወደ ውጭ ለሚሄዱ ሾፌሮች አስቀድሞ ይነገራቸው

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ከጎጃም ወደ ውጭ አገር የሚሄዱ ወጣቶች እዚህ ሠልጥነው ያገኙት መንጃ ፈቃድ በደረሱበት ሁሉ እንጀራ የሚያበላቸው መስሏቸው ሲሰናበቱን ስለማይ፣ ይህን ለመጻፍ ተገድጃለሁ። የየአገሩ ሕግ የተለያየ ነው። በአገር ቤት ፈቃድ መንዳት የሚቻለው ነዋሪ ከሆኑ በኋላ በጀርመን በመደበኛነት ለ6 ወር፣ በእንግሊዝ ለ12 ወር ብቻ ሲሆን፣ ኢትዮጵያ ፈቃዳቸው ያለ ፈተና ከሚለወጥላቸው አገሮች መካከል ስለሌለች፣ ከዚያ በኋላ የጽሑፉንም የመንገዱንም ፈተና እንደ አዲስ መውሰድ ግድ ይሆናል።

ከደጀን እስከ ጎሐ ጽዮን ያለውን የዓባይ በረሃ ጭነት ይዞ ሲወርድና ሲወጣ የኖረን ሾፌር የሚፈትነው፣ በእኔ እምነት፣ ከመሪው ይልቅ ቋንቋው ነው። በጀርመን የጽሑፉ ፈተና በቱርክኛና በዐረብኛ ሳይቀር ሲሰጥ በአማርኛ አይሰጥም። በአንጻሩ በአሜሪካዋ ዋሽንግተን ዲሲ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የቋንቋ አገልግሎት ሕግ በወጣባት ከተማ፣ ፈተናውን በአማርኛ መውሰድ ይቻላል፤ ይህም ብዙ ወገኖቻችንን ከከባድ ድካም አድኗል።

ስለዚህ በደብረ ማርቆስ፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ያሉ ማሠልጠኛዎች ለተጓዦች ይህንኑ በግልጽ እንዲያስረዱ፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርም ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባቸው አገሮች ፈተናው በአማርኛ እንዲሰጥ በኤምባሲዎቻችን በኩል እንዲጠይቅ በአክብሮት አሳስባለሁ።

አንድ አንባቢ፣ ከደብረ ማርቆስ