ጉማራ ላይ ያመለጠን ክረምት፦ ለምርምር ማዕከላችን የበላይ ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ሆይ፣

ሦስት ጊዜ ጽፌልዎታለሁ። ሦስቱም ደብዳቤዎች መዝገብ ቤት ገብተው ቁጥር ወጥቶላቸዋል። መልስ ግን የለም። ቢሮዎ ድረስ ብመጣም «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተብዬ ተመለስኩ። ስለዚህ አሁን ሰው ሁሉ ያንብበው ብዬ ነው የምጽፈው።

ጉዳዩ ባሕር ዳር ላለው የጣና ዓሣ ጥናት ቡድናችን የመደቡልን አስተባባሪ ነው። ታታሪ ሰው ነው፤ አልክድም። ከዚህ በፊት የመራው ግን የሕንጻ ግንባታ ነው። አንድም ምርምር ከጥንስሱ እስከ ውጤቱ ይዞ አያውቅም።

የጣና ነጭ ዓሣ እንቁላሉን ለመጣል ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች ይወጣል። በጀት ደግሞ ሰኔ 30 ይዘጋል። አዲሱ እጃችን እስኪገባ ሳምንታት ያልፋሉ። የቀድሞዋ አስተባባሪ ይህን በብዙ ክረምት ለፍታ ተምራዋለች። ግንቦት ላይ መረቡን ታስገዛለች፣ ጀልባውን ታስጠግናለች። ሐምሌ ሲገባ እኛ ውሃ ላይ ነን።

አምና ግንቦት ላይ የግዥ ጥያቄውን ይዤ ገባሁ። «ክረምት መጣ፣ አዲስ ነገር አንጀምርም፣ ያለውን እንዝጋ» አለኝ። ለግንባታ ልክ ነው፤ ኮንክሪቱ ዝናቡ ሲያባራ ይሞላል። ዓሣው ግን አይጠብቅም። መረቡ የተገዛው ኅዳር ላይ ነው። ጉማራ ስንደርስ የምንፈልገው ዓሣ ወደ ሐይቁ ተመልሷል።

እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2001 የጣና ነጭ ዓሣ በ75 በመቶ ገደማ መመናመኑ የታወቀው፣ ሰዎች ተመልሰው በመለካታቸው ነው። የእኛ መዝገብ ላይ ያለፈው ክረምት ባዶ ነው። በምንም ገንዘብ አይሞላም። ዓሣ አስጋሪዎቹ «ጨመረ ወይስ ቀነሰ?» ሲሉኝ የምመልሰው አጣሁ። በመራቢያው ወቅት መረብ አትጣሉ ብለን የምንለምናቸው እኛው ነን እኮ! የልጆቻቸውን እንጀራ ነው የምንጠይቃቸው። አፈርኩ።

የዓመቱ አፈጻጸም ግን «ከፍተኛ» ተብሎ ተሞላ። ለምን? በጀቱ አልቋላ!

የምደባ መመሪያው «አግባብነት ያለው የሥራ ልምድ» ይላል። ከእኔ በላይ ያውቁታል። ዓመቱን ቆጠራችሁ፤ ሰውየው በእነዚያ ዓመታት ምን ሲሠራ እንደነበር ግን አልጠየቃችሁም።

አሁን ሚያዝያ ነው። የዘንድሮው የግዥ ጥያቄ ጠረጴዛዎ ላይ ደርሷል። ግንቦት ሳያልቅ ይፈርሙበት። የቀድሞዋን አስተባባሪም ቢያንስ ለዚህ ክረምት ይመልሱልን።

ከቡድኑ አባላት አንዱ
ባሕር ዳር