«የሰው ስህተት ነው» ብላችሁ አትዝጉት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

አደጋ በደረሰ ቁጥር «ኦፕሬተሩ ተሳስቶ ነው» ብላችሁ ዜናውን ትዘጉታላችሁ፣ እኔ ደሞ ነገሩ ገና እዛ ጋ ነው የሚጀምረው ባይ ነኝ። ሰውዬው ምን እያየ፣ ምን መስሎት ነው እንደዛ ያደረገው?

የስሪ ማይል አይላንድን ኒውክሌር ጣቢያ ውሰዱት፣ አሜሪካ፣ ፔንሲልቬኒያ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 28 ቀን 1979፣ ሊነጋጋ ሲል። ሪአክተሩ (የኒውክሌር ማብላያው) ውስጥ ግፊቱ ሲጨምር የሚያስተነፍሰው ቫልቭ ተከፈተና መዘጋት ሲገባው እንደተከፈተ ቀረ። የመቆጣጠሪያ ክፍሉ ፓነል ላይ ያለው የቫልቩ መብራት ግን ጠፋ፣ ምክንያቱም መብራቱ የሚናገረው ዝጋ የሚለው ትዕዛዝ መሄዱን እንጂ ቫልቩ መዘጋቱን አልነበረም (ይሄን ዲዛይን ያደረገውን ሰው ዜና ላይ ማን ጠርቶት ያውቃል)። ከዛ ኦፕሬተሮቹ ፕሬሸራይዘሩ (የሪአክተሩን ውሃ ግፊት የሚጠብቀው ታንክ) ላይ የውሃው ልክ ሲጨምር አዩ፣ ስልጠና ላይ ደሞ በውሃ ጢም እንዳይልባችሁ ተብለው ነው የመጡት፣ እሱ ከሞላ ሪአክተሩም ሞልቷል የሚል ስእል ነው ጭንቅላታቸው ውስጥ ያለው፣ ስለዚህ በራሱ የተነሳውን የድንገተኛ ጊዜ ማቀዝቀዣ ውሃ ቀነሱት፣ ከስር ግን ሪአክተሩ እየደረቀ ነበር። ግፊቱ እየወረደ ነው። የቫልቩ መውጫ ቧንቧም ግሏል፣ እሱ ግን ድሮም ያንጠባጥብ ስለነበር ያው የተለመደው ነው ተብሎ ታለፈ። ከሁለት ሰአት በላይ ቆይቶ ነው የቫልቩ መስመር የተዘጋው፣ እሱም በኋላ የመጣ ሰው በአዲስ አይን ሲያየው። ከሪአክተሩ እምብርት ግማሽ ያህሉ ቀልጧል።

በጣም የሚያናድደው ግን እ.ኤ.አ. በ1977 እዛው አሜሪካ ኦሃዮ ውስጥ ዴቪስ ቤሲ የሚባል ጣቢያ ላይ ያው አይነት ቫልቭ ክፍት ቀርቶ እነዛም ኦፕሬተሮች ልክ እንደዚሁ ውሃውን ቀንሰውት ነበር፣ ሪአክተሩ በዝቅተኛ ሀይል እየሰራ ስለነበረና ቶሎ ስለነቁ ተረፉ እንጂ። ትምህርቱ ስሪ ማይል አይላንድ ላሉት አልደረሳቸውም። ሁለት የማይተዋወቁ ቡድኖች አንድ አይነት ነገር ካነበቡ ጥፋቱ የግለሰብ ነው ልትሉኝ ነው?

አውሮፕላንም ላይ ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 እንግሊዝ ኬግዎርዝ ጋ የወደቀው ቦይንግ 737 አብራሪዎች አንዱ ሞተር ተበላሽቶባቸው ሳለ ደህናውን ሞተር ሲቀንሱት መንቀጥቀጡ ጋብ አለላቸው፣ በቃ የተበላሸው እሱ ነው ብለው ደህናውን አጠፉት፣ 47 ሰው ሞተ።

እና እባካችሁ ቀጣይ ጊዜ ሪፖርተራችሁ ማን ነው ያጠፋው ከማለቱ በፊት ፓነሉ ምን ይል ነበር፣ ስልጠናውስ ምን ይል ነበር ብሎ ይጠይቅልን። የምርመራ ሪፖርቱ ሲወጣ ደሞ ወሬው ስለሚቀዘቅዝ ማንም አያነበውም፣ እናንተ አንብባችሁ ጻፉልን።

ከአንባቢያችሁ አንዱ