የፊቱ ታርጋ የት ሄደ?

ክቡር አዘጋጅ፣

ባለፈው ሳምንት ከዋናው ፖስታ ቤት አጠገብ ቸርችል ጎዳናን ስሻገር አንዲት ነጭ የቤት መኪና ዜብራው ላይ ሳትቆም፣ የያዝኩትን የዳቦ ፌስታል ጠልፋ አለፈች። ዓይኔ ያረፈው ፊቷ ላይ ነበር፤ ታርጋ ሊኖርበት በሚገባው ቦታ ሁለት የዛጉ የብሎን ቀዳዳዎች ብቻ። ዞር ስል የኋላው ታርጋ የክረምት ጭቃ ለብሶ አንድም ቁጥር አይነበብም። ዳቦው አስፋልት ላይ ቀረ። ማንን ብዬ ልክሰስ?

ባለመኪናው ምክንያት አያጣም። «ተገጭቶ ወደቀ» ይላል፤ ሲብስም ክሩስኮት ላይ ጣል ያደርገዋል፣ እንደ ጌጥ።

በአሜሪካ እንደ ፍሎሪዳና ፔንሲልቬኒያ ባሉ ግዛቶች የኋላው ብቻ ይበቃል የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። እውነታቸውን ነው። እኛ የሜክሲኮ አደባባይ እግረኞች ግን ከመኪና ጋር የምንተያየው ፊት ለፊት ነው። ትራፊክ ፖሊሱም የሚያስቆመው የሚመጣውን እንጂ የሄደውን አይደለም። ቀዩን የታክሲ ኮድ 1 ከሰማያዊው ኮድ 2 በሩቁ ለይተን እጃችንን የምንዘረጋውም ከፊት አይተን ነው፤ የኋላውን ያየ ሰውማ ታክሲው አምልጦታል።

ስለዚህ ዓመታዊ ምርመራ የሚያደርጉ ባለሙያዎች የፊቱን ታርጋ በእጃቸው ነቅነቅ አድርገው ይሞክሩት። ከላላ ወይም ከሌለ ቦሎው አይሰጥ።

አንድ እግረኛ፣ ከፒያሳ